ኮሽ የሚል አረንጓዴ ሰላጣ በወፍራም የእርጎ ሶስ፦ ዝርዝር አሠራር

ሰላጣ ከሁሉ የቀለለ ምግብ ነው ይባላል። እሳት አይፈልግም፣ ድስት አይጣድለትም፤ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ሶስ ተጨምሮበት ይቀርባል። እንዲህ በችኮላ የተሠራ ሰላጣ ግን ገበታ ላይ ሲደርስ ሳህኑ ሥር ውሃ አቁሮ፣ ሶሱ ቀጥኖ፣ ቅጠሉም ጠውልጎ ይገኛል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሶሱ ላይ ያደርግና ሌላ ቅመም፣ ሌላ ዓይነት ማዮኔዝ ይሞክራል። ሰላጣውን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው።

የሰላጣ ቅጠል 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ይህ ውሃ በሕዋሶቹ ውስጥ እስካለ ድረስ ቅጠሉ ተወጥሮ ይቆማል፣ ሲነከስም ቀጭ ይላል። ውሃው ከሕዋሱ ወጥቶ ሲያልቅ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል። ከእጥበት ላዩ ላይ የቀረው ውሃ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፤ ቅባት ያለው ሶስ እርጥብ ቅጠል ላይ አይይዝም፣ ተንሸራቶ ይወርዳል። እንግዲህ የውስጡን ውሃ ማቆየት፣ የውጪውን ማጥፋት ነው ሥራው። እርጎው የሚጠለለውም፣ ኪያሩ ጨው የሚነሰነስበትም፣ ሶሱ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የማይጨመረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለአራት ሰው የሚያስፈልገው

ይህ መጠን ከዋናው ምግብ ጎን ለሚቀርብ ሰላጣ ነው። የእጅ ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከዚያ ውጪ ያለው እርጎው እስኪጠልና ቅጠሉ እስኪቀዘቅዝ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። የሾርባ ማንኪያ ስል 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ ስል 5 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ማለቴ ነው።

ለሰላጣው፦
- አንድ ትልቅ ራስ ሮሜይን ሰላጣ (350 ግራም ገደማ)
- ሁለት እፍኝ ለጋ ስፒናች ወይም ሩኮላ
- አንድ መካከለኛ ኪያር
- ግማሽ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት
- አንድ አቮካዶ፣ የበሰለ ግን ያልላሸቀ
- አንድ እፍኝ የሱፍ ፍሬ ወይም ሌላ የሚቆላ ፍሬ

ለሶሱ፦
- 250 ግራም ስኳር ያልገባበት፣ ቅባቱ ያልወጣ እርጎ
- 4 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ
- 1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት
- አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 1 የሻይ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ
- አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር
- 3 የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ ፐርሰሜሎ፣ እንስላልና አረንጓዴ ሽንኩርት፣ ተቀላቅሎ
- ወዲያው የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ

እርጎውን ቀድማችሁ አጥልሉ

ወንፊት ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጡ። ንጹሕና ስስ ጨርቅ አንጥፉበትና እርጎውን ገልብጡ። የጨርቁን ጫፎች ከላይ አጣጥፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ቢጫማ አረንጓዴ የሆነው አጓት ከሥር ይጠራቀማል፤ ጨርቁ ላይ የሚቀረው እርጎ ማንኪያ ሲተከልበት ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ይሆናል። 250 ግራሙ ወደ 150 ግራም ሲወርድ በቂ ነው። ተጠልሎ የሚሸጠውን፣ የግሪክ እርጎ የሚባለውን ካገኛችሁ ይህን እርምጃ ዝለሉትና 150 ግራም ብቻ ተጠቀሙ።

አጓቱን አትድፉት። ሶሱ ከሚገባው በላይ ከወፈረ በውሃ ፋንታ በእሱ ማቅጠን ይቻላል፤ ጣዕሙን ሳያደበዝዝ ያላላዋል።

እርጎና ማዮኔዝ አብረው የሚገቡት አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ ነው። እርጎ ብቻውን ሲሆን ይኮመጥጣል፣ ቅጠሉ ላይም ቶሎ ይቀጥናል። ማዮኔዝ ብቻውን ደግሞ ይከብዳል፣ አፍ ውስጥ ቅባት ይጥላል። ማዮኔዝ ዘይት በጣም ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ተከፋፍሎ ጥቂት ውሃና አሲድ ውስጥ የተንሳፈፈበት ውህድ ነው። ዘይቱ ተመልሶ እንዳይጠራቀም የሚይዘው ከእንቁላል አስኳል የሚገኘው ሌሲቲን ነው። ሰናፍጩም ከጣዕሙ ሌላ ውህዱ እንዳይለያይ ያግዛል።

በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቲቭ ሄንሰን በእርሻ ቤቱ ለእንግዶቹ ያቀርበው የነበረውና ዛሬ ራንች የሚባለው ሶስም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ማዮኔዝ ከአሬራ ጋር፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅመም ተጨምሮበት። እዚህ የምንሠራው በአሬራው ቦታ የተጠለለ እርጎ ስለሚገባ ወፈር ይላል።

ነጭ ሽንኩርቱን በሎሚ ውስጥ አሳርፉት

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ብዙ ሶስ ያበላሻል። ሶሱ እንደተሠራ ደህና ይመስላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ምላስ የሚያቃጥል፣ አፍ ውስጥ የሚቆይ ሽታ ይሆናል። ይህን የሚያመጣው አሊሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ያልተነካ ፍልቃቂ ውስጥ አይገኝም፣ ሕዋሶቹ ሲሰበሩ ነው የሚፈጠረው። እንዲፈጠር የሚያደርገው ኤንዛይም አሲድ ውስጥ ሥራው ይዳከማል። ስለዚህ ፍልቃቂውን በጥቃቅኑ ሞረድ ፍቃችሁ ወይም ቀጥቅጣችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ የሎሚው ጭማቂ ውስጥ ጨምሩት። ጨውንም እዚሁ ጨምሩና 10 ደቂቃ ተዉት። መዓዛው እንዳለ ይቆያል፣ ማቃጠሉ ይለዝባል። ጨውም ሙልጭ ብሎ ይሟሟል፤ በቀጥታ ወፍራም እርጎ ላይ ቢጨመር ግን እዚህም እዚያም ሳይሟሟ ይቀራል።

ፍልቃቂውን ስትሰነጥቁ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ካለ አውጥታችሁ ጣሉት፤ መራራ ነው።

ሶሱን ማዋሃድ

የተጠለለውን እርጎ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ብቻውን በሹካ ወይም በሽቦ መምቻ ምቱት። እብጠቱ ጠፍቶ ልስልስ ሲል ማዮኔዙን፣ ሰናፍጩንና ማሩን ጨምሩ። ቀጥሎ የሎሚና የነጭ ሽንኩርቱ ድብልቅ ይገባል። የወይራ ዘይቱን በመጨረሻ፣ እየመታችሁ በቀጭኑ አንቆርቁሩት። ዘይቱ ሲገባ ሶሱ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ ከመምቻው ላይም እየተጎተተ ይወርዳል።

ቅጠላ ቅመሙን ከመክተፋችሁ በፊት ድርቅ አድርጉት። እርጥብ ፐርሰሜሎ በደነዘዘ ቢላ ሲከተፍ ይጨፈለቃል፤ አረንጓዴው ጭማቂ መክተፊያው ላይ ይቀርና ሶሱ ውስጥ የሚገባው ጭራሮ ይሆናል። በሹል ቢላ አንዴ ብቻ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉት፣ ደጋግማችሁ አትመላለሱበት። ከሶሱ ጋር በማንኪያ አዋሕዱት። ሙሉውን በኤሌክትሪክ መፍጫ መፍጨትም ይቻላል፤ መልኩ አረንጓዴ፣ ጣዕሙም የቅጠል ይሆናል። እኔ ቅጠሉ ነጠላ ነጠላ ሆኖ የሚታይበትን እመርጣለሁ፤ ሲበላ አንዱ ጉርሻ እንስላል እንስላል ይላል፣ ሌላው ሽንኩርት።

ውፍረቱን እንዲህ እዩት፦ ማንኪያ ነክራችሁ አውጡ፣ ጀርባው ላይ በጣት መስመር አስምሩ። መስመሩ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል። ሶሱ ማንኪያው ላይ እንደ ቅቤ ከተከመረ አንድ የሾርባ ማንኪያ አጓት ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩና እንደገና እዩት። ለቅጠል የሚሆን ሶስ ለዳቦ ከሚሆነው ቀጠን ማለት አለበት፤ ካልሆነ ቅጠሉን አይዞርም፣ አንድ ቦታ ይከመራል።

ጣዕሙን ስትቀምሱ በማንኪያ አትቅመሱ። አንድ የሰላጣ ቅጠል ነክራችሁ ቅመሱ። በማንኪያ ሲቀመስ ጨውና ኮምጣጣ የበዛበት የሚመስለው ሶስ ቅጠል ላይ ሲሆን ልክ ይመጣል፤ በማንኪያ ልክ የመሰለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ አልጫ ይሆናል። ከዚያ ክደኑትና ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ቅጠላ ቅመሙ ጣዕሙን ለቅባቱ የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ማዮኔዝ ለማይበላ

አንድ በደንብ የበሰለ አቮካዶ ከእርጎው ጋር መፍጨት የማዮኔዙን ቦታ ይሸፍናል፤ ሎሚውን በግማሽ ማንኪያ ከፍ አድርጉና በዚያው ቀን ተጠቀሙበት፣ ሲያድር ይጠቁራል። ከወተት ተዋጽኦም ከእንቁላልም የጸዳ ከተፈለገ ከሰሊጥ የሚሠራው ጣሂና ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ፦ ጣሂና ላይ ሎሚ ሲጨመር ወዲያው ይደርቅና እንደ ሊጥ ይቋጠራል። አልተበላሸም። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት፣ ሲነጣና ሲለሰልስ ታያላችሁ።

ማዮኔዙን ራሳችሁ በጥሬ እንቁላል የምትሠሩ ከሆነ ፓስተራይዝ የተደረገ፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት የታከመ እንቁላል ተጠቀሙ። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአረጋዊና በሽታ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ደግሞ አደጋው ይከፋል።

ለወፍራም ሶስ የሚሆን ቅጠል

ሁሉም ቅጠል ወፍራም ሶስ አይችልም። መሐሉ ጠንካራ አጥንት ያለውና ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሮሜይን ለዚህ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። አይስበርግ የሚባለው ክብ ሰላጣ ጣዕሙ ብዙም የለውም፤ ኮሽታው ግን የሚወዳደረው የለም፣ ሶስም ሳይበገር ይሸከማል። ለስላሳው ቅቤ መሳይ ሰላጣ በዘይትና በሎሚ ብቻ ሲሆን ያምራል፤ የእርጎ ሶስ ሲያርፍበት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይተኛል። ስፒናችና ሩኮላም እንደዚሁ ስስ ናቸው። የምንጨምራቸው ለጣዕምና ለመልክ ነው፤ ከጠቅላላው ቅጠል ከአንድ ሦስተኛ ባይበልጡ ጥሩ ነው። ሩኮላ የሚያቃጥልና መረር የሚል ቅጠል ስለሆነ ከእርጎው ልስላሴ ጋር ደስ ይላል።

ስትገዙ ራሱን አንሡና መዝኑት። ለመጠኑ ከበድ ያለው ውሃውን አልጨረሰም። ከሥር የተቆረጠበት ቦታ ትንሽ ቡና ዓይነት ቢሆን አትጨነቁ፣ አየር ሲነካው የሚሆን ነው። የሚያዝለግልግ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ወይም ጫፉ የላሸቀ ከሆነ ግን ተዉት።

እጥበት

መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ታጠቡ። ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የነካ መክተፊያና ቢላ ለሰላጣ አይሆንም፤ የሰላጣ ቅጠል እሳት ስለማያገኝ የነካው ሁሉ አብሮት ይበላል።

የራሱን ሥር ሁለት ጣት ያህል ቁረጡና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ለዩ። ትልቅ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ቅጠሎቹን ንከሩ፤ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉና ለሁለት ደቂቃ ተዉት። አፈሩና አሸዋው ወደ ሥር ይወርዳል። አሁን ቅጠሉን በእጅ ከላይ አንሡት፤ ውሃውን ከነቅጠሉ ወንፊት ላይ አትገልብጡት፣ የወረደው አሸዋ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይፈስሳል። ሳህኑን አለቅልቁና ደግማችሁ አድርጉት፤ የሳህኑን ሥር በጣት ስትዳስሱ የሚቆረቁር ነገር እስኪጠፋ። በመጨረሻም እያንዳንዱን ቅጠል በሚፈስ ውሃ አለቅልቁ፤ በተለይ አጥንቱ ሥር ያለውን ጎድጓዳ፣ አፈር የሚደበቀው እዚያ ነው።

ሳሙናም ሆነ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አይገባም። ቅጠሉ ይመጠዋል፣ ታጥቦም አይለቅም። ታጥቦ ለመበላት የተዘጋጀ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠውን ደግሞ እንደገና ማጠብ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ካለው ዕቃና እጅ አዲስ ጀርም ሊነካው ይችላል።

ቅጠሉ ትንሽ የጠወለገ ከሆነ በረዶ የተጨመረበት ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንከሩት። ሕዋሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጨዋማና ስኳራም ስለሆነ ከውጪ ያለውን ንጹሕ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቅጠሉም ተመልሶ ይወጠራል። ሲያወጡት ጫፉን ይዞ ቢያነሡት ሳይታጠፍ ይቆማል። ውሃው ውስጥ ጨው ከጨመራችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ውሃው ከቅጠሉ ይወጣል። የበሰበሰውን ደግሞ ምንም ውሃ አይመልሰውም።

ማድረቅ፦ የማይዘለለው ሥራ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ቢሆን ይህ እንዲሆን እፈልጋለሁ። አንድ ራስ ሰላጣ ላዩ ላይ የሚይዘው ውሃ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሳህን ላይ ሲጠራቀም ግን ማንኪያ ማንኪያ ነው። ያ ሁሉ ሶሱ ውስጥ ይገባል። እርጎውን ለሁለት ሰዓት አጥልለን ያወጣነውን ውሃ በእርጥብ ቅጠል መልሰን ማስገባት ማለት ነው።

የሚሽከረከር የሰላጣ ማድረቂያ ካላችሁ ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ሲሞላ ቅጠሉ ተፋፍጎ መሐል ያለው ሳይደርቅ ይቀራል፣ ጫፉም ይሰበራል። አንድ ዙር አሽከርክራችሁ ውሃውን ድፉ፣ ቅጠሉን በእጅ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉና ድገሙት። በሁለተኛው ዙርም ገና ውሃ ይወጣል፤ ለዚህ ነው አንዴ ብቻ ማሽከርከር የማይበቃው።

ማድረቂያ ከሌለ ትልቅ የጥጥ ፎጣ ይበቃል። ሽታ ባለው ማለስለሻ ያልታጠበ ይሁን፤ ቅጠሉ ሽታ ይይዛል። ፎጣውን ዘርጉ፣ ቅጠሎቹን ሳይደራረቡ አስተኙ፣ ከጫፉ ጀምራችሁ ሳትጫኑ ጠቅልሉት። ጥቅሉን ለአምስት ደቂቃ ተዉት፣ ፍቱት፣ በሌላ ደረቅ ፎጣ ድገሙት። ለመፈተሽ ደረቅ ሶፍት ወስዳችሁ ቅጠሉ ላይ፣ በተለይ አጥንቱ ጎን ተጫኑት። ሶፍቱ ላይ እርጥብ ነጠብጣብ ከታየ አልደረቀም።

የደረቀውን ቅጠል ደረቅ ጨርቅ በተነጠፈበት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ለ20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። የቀረችውን እርጥበት ጨርቁ ይመጣታል፣ ቅዝቃዜውም ያጠነክረዋል። የሚቀርብበትን ሳህንም አብራችሁ ብታቀዘቅዙት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ቅጠሉን በእጅ ቅደዱት ወይስ በቢላ ቁረጡት? ወዲያው የሚበላ ከሆነ ሹል ቢላ ምንም አያደርገውም። የደነዘዘ ቢላ ግን ሕዋሱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው ጠርዝ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። መጠኑ በአንድ ጉርሻ አፍ የሚገባ ይሁን፤ ሶስ የተቀባ ትልቅ ቅጠል አፍ ላይ ሲታጠፍ ጉንጭ ይነካል፣ እንግዳንም ያሳፍራል።

ሌሎቹ አትክልቶች

ኪያሩን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ፍሬ ያለበትን መሐሉን በሻይ ማንኪያ ፋቁ፤ ውሃው የሚበዛው እዚያ ነው። ቀሪውን በግማሽ ጨረቃ ክተፉ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱና ወንፊት ላይ 15 ደቂቃ አቆዩት። የሚወርደውን ውሃ ስታዩ ሁልጊዜ እንዲህ ማድረግ ትጀምራላችሁ። ከዚያ በሶፍት ጨምቃችሁ አድርቁት። ጨው ስለቀረበት ሶሱ ላይ ጨው አታብዙ።

ቀይ ሽንኩርቱን እንደ ወረቀት አሳስታችሁ ቁረጡና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ንከሩት። የሚያስለቅሰው ነገር ውሃው ውስጥ ይቀራል። አውጥታችሁ አድርቁት።

ቲማቲም በአረንጓዴ ሰላጣ ውስጥ የግድ አይደለም። ካስገባችሁ ፍሬውንና ጭማቂውን አውጡ፣ ሥጋውን ብቻ ተጠቀሙ። የሱፍ ፍሬውን በደረቅ መጥበሻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ መዓዛው እስኪወጣ ቁሉና አቀዝቅዙት። አቮካዶው የሚቆረጠው ልታቀርቡ ስትሉ ነው።

ማዋሃድ

ቅጠሉን በእጥፍ የሚይዝ ትልቅ ሳህን ውሰዱ። ጠባብ ሳህን ውስጥ ቅጠል ማዋሃድ አይቻልም፣ ከላይ ያለው ይነካል ከሥር ያለው ሳይነካ ይቀራል። ሶሱን ቅጠሉ አናት ላይ አታፍስሱት። መጀመሪያ 4 የሾርባ ማንኪያ ሶስ በባዶው ሳህን ግድግዳ ዙሪያ ቀቡ፣ ቅጠሉን መሐል አድርጉ፣ ከዚያ በንጹሕ እጅ ከሥር ወደ ላይ እያነሣችሁ ገልብጡት። ቅጠሉ ግድግዳውን በነካ ቁጥር ስስ ሶስ እየወሰደ ይሄዳል። እጅ ከማንኪያ ይሻላል፤ የትኛው ቅጠል ሶስ እንዳልነካው ይታወቃችኋል፣ ቅጠሉም አይሰበርም።

ጥቂት ከገለበጣችሁ በኋላ እዩት። ቅጠሉ ስስ ነጭ ሽፋን ኖሮት ከሥሩ አረንጓዴው መታየት አለበት። ካነሰ በአንድ በአንድ ማንኪያ ጨምሩ። ለአንድ ሰው ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ አይፈለግም፤ የሠራነው ሶስ ከዚህ ስለሚበልጥ ይተርፋል፣ ይትረፍ። ቀጥሎ ኪያሩንና ሽንኩርቱን ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አገላብጡ። ከባድ ነገር መጀመሪያ ከገባ ሳህኑ ሥር ይቀመጣል። አቮካዶውና የተቆላው ፍሬ ሰላጣው የቀዘቀዘው ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ከላይ ይደረደራሉ፣ ቁንዶ በርበሬም ይፈጭባቸዋል።

ሶስ የነካው ቅጠል መጠበቅ አይችልም። የቅጠሉ ቆዳ ውሃ እንዳያስገባ በስስ ሰም የተሸፈነ ነው፤ ዘይት ግን ይህን ሰም ያልፋል። ጨውም ውሃውን ወደ ውጪ ይስባል። ሮሜይን እስከ አሥር ደቂቃ ይታገሣል፣ ስፒናች ያን ያህልም አይቆይም። ስለዚህ ሌላው ምግብ ሁሉ ቀርቦ፣ ሰው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ነው ሰላጣው የሚዋሃደው።

ስለ ቅባቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሰላጣን ያለ ምንም ቅባት መብላት ጤናማ የሚመስላቸው አሉ። በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያሉት ካሮቲኖይድ የሚባሉት ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገሮችና ቫይታሚን ኬ የሚሟሙት በቅባት ስለሆነ ሰውነት በደንብ የሚወስዳቸው ከቅባት ጋር ሲበሉ ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ቫይታሚን ኬ በመድኃኒቱ ሥራ ውስጥ ስለሚገባ የሚበላውን አረንጓዴ ቅጠል በአንድ ጊዜ ማብዛትም ማሳነስም የለበትም፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጣዕሙ አልስተካከል ሲል

ሶሱ ከኮመጠጠ ስኳር ከመጨመር በፊት አንድ ማንኪያ ማዮኔዝ ወይም የወይራ ዘይት ሞክሩ፤ ቅባት ኮምጣጣን ያለዝባል። ማር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካለፈ ጣዕሙ ይታወቃል። ጨው ከበዛ የተጠለለ እርጎ ጨምሩ። አልጫ ከሆነ ግን ወዲያው ወደ ጨው አትሂዱ፣ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ሎሚ አድርጉና ቅመሱ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው እሱ ነው። ቢቀጥን አንድ ሁለት ማንኪያ የተጠለለ እርጎ ይመልሰዋል፤ ዱቄትም ሆነ ስታርች አትጨምሩ፣ ጥሬ ዱቄት ዱቄት ይላል። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ከላዩ ውሃ ካቀረረ ማማሰል ብቻ ይበቃዋል።

የተረፈውን ማቆየት

ሶሱ በተከደነ ብርጭቆ ዕቃ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። የቀመሳችሁበትን ማንኪያ መልሳችሁ አትንከሩበት። ገበታ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ የእርጎና የማዮኔዝ ሶስ ወደ ፍሪጅ አይመለስም፣ ይጣላል።

ሶስ ያልነካው፣ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ቅጠል ሶፍት ወይም ጨርቅ በተነጠፈበት ክዳን ባለው ዕቃ እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ ሶፍቱ ሲረጥብ ቀይሩት። ከፖምና ከሙዝ አርቃችሁ አስቀምጡት። እነዚህ ፍሬዎች ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ የሰላጣ ቅጠል አጥንት ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያመጣል።

ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ለመውሰድ ረጅም ብርጭቆ ዕቃ ተጠቀሙ። ሶሱ ከታች፣ ኪያሩና ሽንኩርቱ በላዩ፣ ቅጠሉ ከሁሉ በላይ ይሁን፤ ፍሬው በትንሽ ወረቀት ለብቻው ይጠቅለል። ዕቃው እስኪበላ ድረስ በፍሪጅ ወይም ከበረዶ ጥቅል ጋር ይቀመጥ፣ ሳይጋደምም ቀጥ ብሎ ይያዝ። በምሳ ሰዓት ትልቅ ሳህን ላይ ገልብጡት፤ ሶሱ በመጨረሻ ከላይ ይወርዳል፣ በሹካ ሁለቴ ሦስቴ ማገላበጥ ብቻ ይቀራል።